የበዓሉ ሜዳ ቦይ

ሰው ያደገበትን ከተማ ሲያስታውስ ከወንዙ ወይም ከገበያው ይጀምራል። እኔ ከጭቃው እጀምራለሁ። አምቦ በመሥሪያ ቤት ማኅተም ላይ ገና ሀገረ ሕይወት እየተባለች በምትጻፍበት ዘመን ገና ወጣት ሴት ሳለሁ የስፖርት አስተማሪ ሆኜ ስቀጠር የተረከብኩት ሜዳ ኮትቻ ነበር። ኮትቻ ማለት በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍት፣ በክረምት ደግሞ አብጦ የሚገጥምና ጠብታ ውሃ ወደ ታች የማያሳልፍ ጥቁር አፈር ነው። ከላይ ካለው መንገድ የሚወርደው ጎርፍ ሁሉ መጥቶ እዚያ ይተኛል። ከሰኔ እስከ መስከረም ሜዳውን የምናስረክበው ለእንቁራሪቶች ነው እያልኩ እቀልድ ነበር።

ክረምት ትምህርት ስለሌለ ነገሩ ማንንም ባላስጨነቀ ነበር። ግን የአብዮቱ በዓል መስከረም ሁለት ነው፤ ዝናቡ ገና እግሩን ሳያወጣ። በከተማው ውስጥ ያን ሁሉ ሰልፈኛ የሚይዝ ሌላ ሜዳ ደግሞ የለም። አንድ ዓመት ከክፍለ ሀገር የመጣ ትልቅ እንግዳ ወደ ክብር ትሪቡኑ ሲሄድ ጫማው ጭቃው ውስጥ ቀረ። ሰውየው በአንድ እግሩ ካልሲ ብቻ ጥቂት ከተራመደ በኋላ ነው ያወቀው። ያ ሁሉ ሕዝብ አይቶ ማንም አልሳቀም። የአምቦ ሰው ሳቅ የሚያሳልፍ ሰው አይደለም፤ ያን ቀን ግን ሁሉም ጥርሱን ነክሶ ቆመ። የጅምናስቲክ ትርኢት የሚያሳዩ ተማሪዎቼን ይዤ ከፊት ነበርኩና ዝምታው ጀርባዬ ላይ ይሰማኝ ነበር። ፍርሃቴ የጀመረው ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ የሜዳው ውሃ የፖለቲካ ጉዳይ ሆነ። ኮሚቴ ተቋቋመ። የኮሚቴው ሊቀመንበር በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ንጹሕ ካኪ የሚለብስ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነበር። እኛ ይበልጥ የምንፈራው ቁጣውን ሳይሆን ቀልዱን ነው፤ ሲቆጣ ቢያንስ ምን እንደፈለገ ይታወቃል።

አባቴ በጤና ጣቢያው መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበር። ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ ቢሮ አማርኛ ይናገራል፤ ሁለቱንም ቀስ ብሎ። ጴንጤዎች ነን። የምንጸልይበት ቤት ከተዘጋና የቀበሌ እህል ማከማቻ ከሆነ ቆይቶ ነበር። ሲዘጋ አባቴ ከሌሎች ምእመናን ጋር ታስሮ፣ ዳግመኛ ለጸሎት ላይሰበሰብ ፈርሞ ወጣ። በወጣበት ቀን መርማሪው እናቴን በር ላይ አስቁሞ፣ «ሁለተኛ እዚህ ከገባ ስንቅ ለማመላለስ አትድከሚ» አላት። የተናገረው በትሕትና ነበር። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያች ዓረፍተ ነገር ሥር ኖረች። ቤታችን እንግዳ ሲበዛ ሰበብ ፈልጋ አንዱን ትሸኛለች። አባቴም ወደ ግድግዳው ዞሮ ብቻውን ይጸልያል፤ የድሮ ወንድሞቹን መንገድ ላይ ሲያገኝ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ያልፋል።

በግንቦት የቦይ ቁፋሮ ዘመቻ ታወጀ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ቦዩ ከመንገዱ ሥር ተነስቶ፣ በሜዳው ጎን ወርዶ፣ ውሃውን ሁሉቃ ወንዝ ይጨምረዋል። ላይኛውን ክፍል የሴቶች ማኅበር፣ መሃሉን የወጣቶች ማኅበር፣ ወደ ወንዙ የሚወጣውን የታችኛውን ክፍል የመንግሥት ሠራተኞች እንዲቆፍሩ ተመደቡ። ሥራው ደግሞ በዚያ ዘመን ሁሉ ነገር እንደሚሠራው በውድድር ሆነ። ማን ጠልቆ ቆፈረ? ሊቀመንበሩ ምልክት ያለበት አጣና ይዞ ከዳር እስከ ዳር ይዞራል፣ አጣናውን ያስገባል፣ ጥልቀቱን ጮክ ብሎ ይናገራል። አንደኛ የወጣው ቀይ ባንዲራ ይሸለማል። ቦዩ ወዴት አዘነበለ ብሎ የጠየቀ የለም።

ፊሽካ የምነፋው እኔ ነበርኩ። እሑድ እሑድ ጠዋት ስነፋ ወጣቶቹ እየዘፈኑ ይገባሉ፤ አካፋቸው አየር ላይ ሲያበራ ማየቱ፣ እውነቴን ነው፣ ደስ ይል ነበር። እየቆፈሩ እየቆፈሩ ራሳቸው ከዳር የማይታይ ሆነ። የመንግሥት ሠራተኞቹ ግን ጉልበት ያህል እንኳ ሳይወርዱ ድንጋይ አገኛቸው። ለአዲስ አበባ ሕንጻ እየተጫነ የሚሄደው ያው የአምቦ ድንጋይ ነው፤ ወርድና ቁመቱ የማይታወቅ ንጣፍ ሆኖ ከአፈሩ ሥር ተኝቷል። ብዕር የለመደ እጅ ምን ያደርገዋል? ጠርዙን ጫር ጫር አድርገው ተዉት። የዚህ ክፍል አስተባባሪ አባቴ ነበር። ማንም አልፈለገውም፣ እሱም አልፈለገም፤ በዕድሜ ትበልጣለህ ብለው ጫኑበት።

ባንዲራውን ወጣቶቹ ወሰዱ። እንግዲህ የቦዩ መሃል ከመጨረሻው በሰው ቁመት ያህል ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ይህን ለማየት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ልጅም ያየዋል፤ ሁላችንም አየነው፤ እርስ በርስም ተያየን። ከዚያ አጨበጨብን። ለርእሰ መምህሩ ምሳ ላይ፣ «ይህ ውሃ ሽቅብ ካልወጣ በስተቀር ወንዝ አይደርስም» ስለው ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ፣ «ሽሮው ዛሬ ጨው በዝቶበታል» አለኝ።

ሰኔ መጣ። መጀመሪያ የኮትቻው ስንጥቆች ዝናቡን ጠጡት፣ ሊቀመንበሩም በየስብሰባው ስለ ቦዩ ድል ተናገረ። በሐምሌ አፈሩ ገጠመ። ቦዩ ሞላ፤ ሞልቶም ቆመ። ሜዳውን ያደርቃል የተባለው ነገር ሜዳው ዳር የተኛ ረጅም ጥቁር ኩሬ ሆነ፣ ከዚያም ወደ ሜዳው መልሶ ይተፋ ጀመር። ሽታው ክፍል ውስጥ ድረስ ይገባል። አንድ ጠዋት የእንጨት ሻጭ አህያ ከነሸክሟ ተንሸራታ ገባች። ግድግዳው የሚያዳልጥ ስለነበር መውጣት አልቻለችም፤ ሰው ገመድ ይዞ እስኪደርስ ሞታለች። ባለቤቷ ዳር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ የሠፈሩ እናቶች ልጆቻቸውን በዚያ በኩል አያሳልፉም ነበር።

ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ፈገግ እያለ ገባ።

«ጓዶች፣ ውሃው የቆመው የት ነው?» አለ።

አጣናውን ጠረጴዛው ላይ አጋደመ።

«እኔ ልንገራችሁ። የመንግሥት ሠራተኛው ክፍል ላይ ሲደርስ ነው የቆመው።»

አባቴ ተነሳ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ከታች ድንጋይ አለ።»

«ድንጋዩ በዘመቻው አልተሳተፈም ልትለን ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ከንፈሬን አላቀቅኩ፤ ሁሉም ሲስቅ አለመሳቅም ይታያል። ያኔ ከማዘጋጃ ቤት የመጣ አንድ ሰውዬ እጁን አውጥቶ፣ መሃሉ በአፈር ቢሞላና ከታችኛው ጋር እኩል ቢሆን ውሃው ይሄድ ነበር፣ አለ። የተናገረው ትክክል ነው። ሊቀመንበሩ ግን ፈገግታውን አጠፋ። «የተሸለመ ሥራ ይደፈን ነው የምትለው?» ሰውዬው እንደዚያ ማለቴ አይደለም እያለ ተቀመጠ።

«ሜዳው ለበዓሉ ይደርቃል» አለ ሊቀመንበሩ ወደ አባቴ ዞሮ። «ካልደረቀ የታችኛውን ክፍል የያዘው ሰው አሻጥር ሠርቷል ማለት ነው። ያለፈ ታሪክህንም እናውቃለን።»

በዚያ ዘመን አሻጥር የሚለው ቃል አንዴ ከስም ጋር ከተያያዘ ሰው ይወስዳል። ቤት ስንደርስ እናቴ ቆማ ነበር፤ ወሬው ቀድሞን ደርሷል። «ማል ጎና?» አለች። ምን እናድርግ? አባቴ ኮቱን ሰቀለ፣ እጅጌውን እያየ፣ «ድንጋዩን እፈልጠዋለሁ» አለ።

የመንግሥት ሠራተኞቹ አንድ እሑድ ብቅ አሉ። ከዚያ አንዱ ወገቡን አመመው፣ አንዱ ለቅሶ ነበረበት፣ አንዱ ባኮ ያለች እህቱን ሊጠይቅ ሄዶ ክረምቱ እስኪወጣ እዚያው ጠየቃት። አልፈርድባቸውም ማለት እፈልጋለሁ፤ ግን እፈርድባቸዋለሁ። ከአንድ ሰው ስም አጠገብ ላለመቆም ሲሉ ሰውየውን ብቻውን ጉድጓድ ውስጥ ተዉት።

አባቴ ቢሮ ከመግባቱ በፊት፣ ጎህ ሲቀድ፣ ትልቅ መዶሻና ዲጂኖ ይዞ ይወርድ ነበር። እኔም አብሬው። እሱ ይመታል፣ እኔ ፍርካሹን በቁና እያፈስኩ አወጣለሁ። ውሃው እስከ ጉልበታችን ይደርስ ነበር። ከላይ ያ የቆመ ኩሬ አለ፤ በእኛና በእሱ መካከል ያለው ይኸው ድንጋይ ብቻ ነው። ዲጂኖው ሲያርፍ የኩሬው ውሃ ፊቱ ይንቀጠቀጣል፣ ድንጋዩ ግን የሰው ጥፍር ቁራጭ ያህል ብቻ ነበር የሚሰጠን። አባቴ የእጁ መዳፍ ተልጦ ቢሮ ብዕር መያዝ አቃተው። ያኔ በእግዚአብሔርም ላይ ተቆጣሁ። ለአባቴ ስነግረው፣ «ተቆጪ፣ ግን ቁናውን አንሺ» አለኝ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ስንወርድ አራት ሰዎች ዳር ላይ ቆመው አገኘን። አንዱ ከሰንቀሌ በኩል የመጣ ድንጋይ ጠራቢ ነው። አንዱ አናጢ፣ አንዱ ሸማኔ። አራተኛው የካቺሲ መንገድ በጭቃ ስለተዘጋበት መኪናውን አቁሞ የተቀመጠ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። አራቱም የተዘጋው ጸሎት ቤታችን ሰዎች ናቸው። ለብዙ ጊዜ በባርኔጣ ብቻ ሰላም ሲባባሉ የኖሩ ሰዎች። «አካም ቡልተኒ» አሉ፣ እንዴት አደራችሁ። አባቴ መለሰላቸው። ለምን መጣችሁ አላለም፣ እነሱም አልተናገሩም። ጠራቢው ሽብልቆቹን ከጆንያ አወጣ።

መዶሻ ከማንሳታቸው በፊት ግን አንድ ነገር አደረጉ። ዝም አሉ፣ አንገታቸውን ደፉ፣ ቀና አሉ። ዓይን ጨፍኖ እንደመግለጥ ያህል ነው የቆየው። የእኛ ሰዎች ምግብም ሆነ ሥራ ሳይጸልዩ አይጀምሩም፤ ልማድ ሆኖ ከአጥንት ገብቷል፣ ሰው ራሱም ማድረጉን አያስተውለውም። አባቴም አብሯቸው ደፋ። እኔም።

እናቴ ቁርስ ይዛ ስትመጣ አየቻቸው። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ጩኮውን የያዘችበትን ዕቃ እጄ ላይ አስቀመጠችና ማንንም ሰላም ሳትል ተመለሰች። ቤት ስገባ ተናድጄ ጠየቅኳት።

«ሰዎቹ ሊረዱት ነው የመጡት፣ እማዬ። እንዴት ሰላም አትያቸውም?»

«አንድ ላይ ቆሙ» አለች። «ሌላ ምን ቀረ?»

«ቦይ እኮ ነው የሚቆፍሩት።»

«ቦይ የሚቆፍር ሰው አንገቱን ይደፋል እንዴ? እኔ ገና ከበራችን ላይ ሆኜ ካየሁት፣ ሌላውም ከበሩ ላይ ያያል።»

ምስጋና ቢስ ናት ብዬ አዘንኩባት። ለአባቴ ግን ነገርኩት። ለሰዎቹም ሳይነግራቸው አልቀረም፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ጥቂት ጠዋቶች ሳይደፉ ለመጀመር ሲሞክሩ አየሁ። አልሆነላቸውም። መዶሻው አየር ላይ እያለ አንዱ ይቆማል፣ ሌላው አይቶት ይቆማል፣ ደግሞ አንገት ይደፋል። ሸማኔው አንዴ በዲጂኖው ምት ልክ ማንጎራጎር ጀመረና አናጢው ትከሻውን ነካ ሲያደርገው ተወው።

በነሐሴ መጀመሪያ ዳር ላይ ጃንጥላ የያዘ ወጣት ይቆም ጀመር። ባንዲራውን ከተሸለሙት አንዱ ነው፤ አስተምሬዋለሁ፣ ኳስ ተጫዋች ነበር። «በርቱ» ይለናል፣ እኛም «እግዜር ይስጥልን» እንላለን። አያግዝም፣ አይሄድም። ጠዋት ጠዋት ከእኛ ቀድሞ መድረስ ጀመረ። ዝናብ ሲያባራም ጃንጥላውን አያጥፍም ነበር፤ ፊቱን ለማየት ስሞክር የሚታየኝ አገጩ ብቻ ነው። ሹፌሩ በኦሮምኛ፣ «ሂን ኢላሊን» አለኝ። አትመልከቺው።

ድንጋዩ የተሰበረው ጳጉሜ ላይ ነው። ጠራቢው ሽብልቁን መትቶ ወደ ኋላ ሲል ከሥር የሆነ ነገር ተንኳኳ፤ አባቴ በክንዴ ጎትቶ ወደ ዳር አወጣኝ። ከዚያ ውሃው ሄደ። ክረምቱን ሙሉ የቆመ ውሃ ድንጋይ እየፈነቀለ፣ ቅጠልና ጭቃ ይዞ ሁሉቃ ገባ። ሰው ከየቤቱ ወጥቶ አጨበጨበ። ሊቀመንበሩ ራሱ መጥቶ የአባቴን የተላጠ እጅ ጨብጦ ነቀነቀው። «አየህ፣ ሲፈለግ ይቻላል» አለ። አባቴ ሳቀ። ያን ጊዜ ከልቤ ዳንን ብዬ አመንኩ። እናቴን አቅፌ፣ «አበቃ» አልኳት፤ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ።

ፀሐይ ወጣ፣ ሜዳው ደረቀ። መስከረም ሁለት ተማሪዎቼ ነጭ ሸራ ጫማ አድርገው ትርኢታቸውን አሳዩ፤ የአንዳቸውም ጫማ አልቆሸሸም። እንግዶቹ በደረቅ ሣር ላይ ሄደው ትሪቡኑ ላይ ወጡ። ሊቀመንበሩ የሰፊው ሕዝብ ክንድ ድንጋይ እንደሚሰብር ተናገረ። አባቴ ከጤና ጣቢያው ሰልፈኞች ጋር ቆሞ ነበር። ሰልፉ ሲበተን ፈለግኩት፤ ጃንጥላ ይይዝ የነበረው ልጅና ሌላ አንድ ሰው መሃል አድርገውት ሲሄዱ ከጀርባው አየሁት። እጁን አልያዙትም። እንደሚጨዋወቱ ሰዎች ነበር የሚሄዱት።

ጠራቢውን ከሰንቀሌ፣ ሌሎቹን ከየቤታቸው በዚያው ቀን ወደ እስር ቤቱ አመጧቸው። እኔና እናቴ ስንቅ ይዘን ስንሄድ ሊቀመንበሩ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። ወንበር አስመጣልን። አልተቆጣም።

«ሜዳው በጣም ጥሩ ሆኗል» አለ። «ምስጋና ይገባቸዋል፣ አልክድም። ግን አንድ ነገር መረዳት አቃተን። የመንግሥት ሠራተኛው ተጠርቶ አልመጣም። ሰልፍ ስንጠራ ሕዝቡ በቅጣት ነው የሚወጣው። እነዚህን ማን ጠራቸው?»

«ማንም» አለች እናቴ።

«ባለቤትሽም እንደዚያ ነው የሚለው። እኔም አምነዋለሁ።» ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋና፣ «እትዬ፣ ሲጠራ የሚመጣ ሰው አያሳስበንም። የሚያሳስበን ማንም ሳይጠራው የሚመጣው ነው» አላት።

እናቴ ስንቁን ዘረጋችለት። ዕቃውን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ ለዘበኛው ምልክት ሰጠውና ዘበኛው ተቀበላት። በዚያ በረንዳ ላይ እናቴ አለቀሰች፤ ስንቁን ስለተቀበሏት ነው ያለቀሰችው።

አባቴን አልገደሉትም። አራቱንም አልገደሏቸውም። ሁለት ክረምት አልፎ፣ በተለያየ ቀን፣ አንድ በአንድ ለቀቋቸው፤ አብረው እንዳይወጡ ነው። አባቴ ሳል ይዞ መጣ። ስለ እስር ቤቱ አልነገረንም፣ አልጠየቅነውምም። ከዚያ በኋላ ባርኔጣውን መንካትም ተወ። አናጢው ከእኛ አጥር በስተጀርባ ነው የሚኖረው፤ አባቴ እሱን ሲያይ መንገድ ይሻገራል፣ አናጢውም አባቴን ሲያይ ይሻገራል፣ አንዳንዴ ሁለቱም እኩል ተሻግረው እንደገና ፊት ለፊት ይገናኙ ነበር። ይህን ሳይ መጀመሪያ እስቅ ነበር።

ሳሉ አልለቀቀውም። መንግሥቱ ሳይወድቅ፣ በአንድ የኅዳር ቀን ሞተ። ለቅሶ ላይ መሰብሰብ አይከለከልም ነበርና ሰው መጣ፤ ጠራቢውም፣ አናጢውም፣ ሸማኔውም፣ ሹፌሩም መጡ። ግቢያችን ውስጥ አንዱ ከበሩ አጠገብ፣ አንዱ ከኩሽናው፣ ሁለቱ ከአጥሩ ዳርና ዳር ቆሙ። ሳጥኑ ተዘጋ። የሚያነሳ ሰው ያስፈልግ ነበር። ጎረቤቶች እነሱን አዩ፣ እነሱ መሬት መሬት አዩ። ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም። እናቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔም ግቢው መሃል ቆሜ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ፣ አራቱንም አንድ በአንድ በስማቸው ጠራኋቸው። ሲጠሩ መጡ።